ኦቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ አልቀይር ሲል፦ "ይውረድ" ከመባሉ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሀረጎን ዳገት ስትወጡ ሞተሩ ይጮሃል መኪናው ግን አይጎትትም፣ ወይ ከአንድ ወደ ሁለት ሲቀይር ደህና አርጎ ይገፈትራችኋል፣ ወይ ጠዋት ዲ አስገብታችሁ ፍሬን ስትለቁ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚነሳው። ጋራዥ ስትወስዱት ደሞ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት "ካምቢዮው አልቋል፣ መውረድ አለበት" ትባላላችሁ። አብሽሩ። ያለቀ ካምቢዮ የለም አላልኩም፣ አለ፣ ግን ካምቢዮ ማውረድ የመጨረሻው ስራ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም፣ ምክንያቱም አሮጌ ኦቶማቲክ ላይ ማርሽ የሚያበላሹት ብዙዎቹ ነገሮች ከካምቢዮው ውጪ ነው ያሉት፣ ዘይት፣ ሽቦ፣ ሶኬት፣ አንድ ኬብል፣ አንዳንዴም ወጥቶ የተጣለ ቴርሞስታት (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠር ቫልቭ)፣ እና እነዚህን ለማየት የሚያስፈልገው ነጭ ጨርቅ፣ ርካሽ መልቲሜትር እና ትዕግስት ነው።

የማወራው ስለ አሮጌዎቹ ነው፣ በፈረንጅ እስከ 2005 የተሰራው ራቭፎር፣ ፎርራነር፣ ፕራዶ 90፣ ግራንድ ቪታራ፣ የመጀመሪያው ቱሳን፣ ፓጄሮ፣ ባብዛኛው ባለ 4 ማርሽ የሆኑት። ሲቪቲ (በተቆጠሩ ማርሾች ፈንታ በቀበቶ የሚሰራ ኦቶማቲክ) ያላቸው መኪኖች አሰራራቸውም ዘይታቸውም ሌላ ነው፣ ይሄን አንብባችሁ እነሱን እንዳትነኩ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መልሱ፣ ችግሩ ሲቀዘቅዝ ነው፣ ሲሞቅ ነው፣ ወይስ ሁሌ? እዚህ እኛ ጋ ለዚህ የሚሆን መፈተኛ መንገድ በነፃ አለን። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፣ መሃላቸው 25 ኪሎሜትር ያህል ነው፣ ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ሀረጎን ስትወጡ ካምቢዮው በደንብ ይሞቃል፣ ደሴ ውጪ ያደረ መኪና ደሞ ጠዋት ቀዝቅዞ ነው የሚነሳው። ስለዚ መኪናውን ደሴ አሳድሩት፣ ጠዋት ገና ሳይሞቅ ምን እንደሚያረግ እዩ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ፣ ከተማ ውስጥ ሜዳው ላይ ትንሽ ንዱት፣ ከዛ ተመልሳችሁ ውጡ። ጎናችሁ የተቀመጠ ሰው እየፃፈ ይሂድ፣ በስንት ፍጥነት፣ ከስንተኛ ወደ ስንተኛ፣ መታ ወይስ ተንሸራተተ። ሹፌሩ ራሱ እንዳይፅፍ፣ ሀረጎ ላይ ስልክ ሲነካካ የተገኘ ሹፌር ከካምቢዮ የባሰ ችግር ነው የሚገጥመው።

ጠዋት ብቻ ዘግይቶ የሚነሳ ሲሞቅ ደህና የሚሆን ከሆነ ወይ ዘይት ጎድሏል ወይ ውስጥ ያሉት የጎማ ሲሎች በእድሜ ደርቀዋል፣ ሙቀት ሲያገኙ ለስለስ ብለው ያትማሉ። ዘይቱ ልክ ከሆነ ይሄ አብራችሁት ብዙ ልትኖሩ የምትችሉት በሽታ ነው፣ ጠዋት ሁለት ደቂቃ አስነስታችሁ ማቆየት ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ሀረጎ አጋማሽ ላይ ስሊፕ የሚያረግ (የሚንሸራተት) ከሆነ ግን ከበድ ይላል፣ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ የቀጠነ ዘይት በተበሉ ሲሎችና ቫልቮች በኩል ያመልጣል፣ ፕሬዠር ይወርዳል፣ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች (ማርሹን የሚይዙት ሳህኖች) አጥብቀው መያዝ ያቅታቸዋል፣ ሲንሸራተቱ ደሞ ዘይቱን የበለጠ ያሞቁታል፣ እንዲህ እየተባባሰ ነው የሚሄደው። ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም እኩል የሚመታ ወይም ምንም ብታረጉት አንድ ማርሽ ላይ ሙጭጭ ብሎ የሚቀር ከሆነ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኤሌክትሪክ ነው፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ አንድ ሶሌኖይድ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ወይ ሴንሰር ሲያጣ ካምቢዮውን ለማዳን ብሎ ሌሎቹን ማርሾች ይዘጋል፣ መኪናው በ3ኛ ብቻ እየተነሳ እየከበደው ይሄዳል፣ ባለቤቱ ደሞ ካምቢዮው የሞተ ይመስለዋል።

በሽታ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

ደሴ ላይ በጣም የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ኦቶማቲኮች የሞተሩ ውሃ እስኪሞቅ፣ እንደ ሞዴሉ ቢለያይም 50፣ 60 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ኦቨርድራይቭ (4ኛ ማርሽ) አያስገቡም፣ የቶርክ ኮንቨርተሩን (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋ በዘይት የሚያገናኘውን) ሎክም አያስሩም፣ ሆን ተብሎ ነው እንደዛ የተሰሩት። ስለዚ ጠዋት ደሴ ውስጥ ከሆጤ ተነስታችሁ ሸዋበር እስክትደርሱ 4ኛ አልገባም ብሎ ቢጮህ ምንም አልሆነም። ችግሩ ግን እዚህ ሀገር ሞተር ትንሽ ባሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፣ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደሞ በደሴ ብርድ፣ በተለይ ወደ ታች ሲወርድ፣ ጭራሽ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩም ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ 4ኛን ይከለክላችኋል፣ ነዳጅም ይጨርሳል። የሙቀት መለኪያው ሁሌ ከመሃል በታች ከሆነባችሁ ካምቢዮውን ተዉትና ቴርሞስታት መኖሩን ጠይቁ። በአንድ ቴርሞስታት ዋጋ የሚፈታን ነገር ካምቢዮ አውርደው የሚፈልጉ ሰዎች አሉ ስላችሁ።

ሌላው የሞተር ጉልበት ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 ፐርሰንት ያህል ጉልበት ያጣል፣ ደሴ ላይ ሲደርስ ባህር ጠለል ላይ ከነበረው ሩቡ ገደማ የለም ማለት ነው። ይሄ ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ እና ያለቀ ካንዴላ ሲጨመርበት ሰውየው ነዳጁን አጥብቆ ይረግጣል፣ ካምቢዮው ደሞ ነዳጅ ሲረገጥ ማርሽ ይዞ ይቆያል ወይ ወደ ታች ይቀንሳል፣ ከዛ "ማርሽ ዘግይቶ ይቀይራል፣ ከ3 ወደ 4 ከ4 ወደ 3 ይመላለስብኛል" ይባላል። ካምቢዮው የታዘዘውን ነው እየሰራ ያለው። ከመካኒኩ ጋ ስለ ካምቢዮ ከማውራታችሁ በፊት ካንዴላ፣ ኮይል እና ፊልትሮ ይታዩ።

ከ60 እስከ 80 ባለው ፍጥነት ላይ በቀስታ ነዳጅ ስትሰጡ ኮሮኮንች ላይ የምትሄዱ ይመስል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ ኮንቨርተር ሎክ ወይም የአንድ ሲሊንደር አለመተኮስ። መለያው ቀላል ነው፣ ነዳጁን ሳትለቁ በግራ እግር ፍሬኑን የኋላ መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ ነካ አርጉት። ፍሬን ሲነካ ኮምፒውተሩ ሎኩን ይፈታል፣ መንቀጥቀጡ ወዲያው ከቆመ ነገሩ ኮንቨርተሩና ዘይቱ ጋ ነው፣ ከቀጠለ ካንዴላና ኮይል ጋ ሂዱ። ይሄን የምታረጉት ከኋላ መኪና በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ ነው፣ ከኮምቦልቻ ወደ ቃሉ በኩል ያለው ሜዳ ይሆናል።

ዘይት

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ አብዛኛው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ጠፍቶ አይለካም። ቶዮታ፣ ኒሳን፣ ሱዙኪ ላይ መኪናው በደንብ ሞቆ፣ ሜዳ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሰራ፣ ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል ቀስ ብላችሁ እያሳለፋችሁ መልሳችሁ ፒ ላይ አስቀምጣችሁ ነው የዘይት መለኪያ ዘንጉን የምታወጡት። ብዙ ሚትሱቢሺዎች ኤን ላይ ይለካሉ። ሆንዳ ሲአርቪ ያላችሁ ደሞ ተቃራኒ ነው፣ ሞቆ ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ነው የሚለካው። ደሴ ውስጥ ሜዳ ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ስራ ነው፣ የኮምቦልቻ ሰው በዚህ ታድሏል፣ ግን ዳገት ላይ የተለካ ዘይት አልተለካም ነው የሚባለው። ደሞ ሀረጎን ወጥታችሁ እንደደረሳችሁ አትለኩ፣ ዘይት ሲግል ያብጣል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አርፎ በረድ ሲል እንደገና አስነስታችሁ ለኩት። ዘንጉ ላይ ኮልድ እና ሆት የሚሉ ሁለት ምልክቶች አሉ፣ የምታምኑት ሆት የሚለውን ነው።

ጎድሎ ከሆነ ዘግይቶ መነሳት፣ ዳገት ላይ ስሊፕ፣ ሲታጠፍ ለቀቅ ማረግ ይመጣል። ከልክ በላይ ሞልቶ ከሆነም ያው ነው፣ የሚሽከረከረው አካል ዘይቱን እየመታ አረፋ ያረገዋል፣ አረፋ ደሞ ፕሬዠር አይይዝም። "ለማንኛውም ትንሽ ልጨምርበት" የሚለው ሰው ይሄን አያውቅም። የሞላውን በዘንጉ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በትልቅ ሲሪንጅ መሳብ ይቻላል። ጎድሎ ካገኛችሁት ደሞ ዘይት አይቃጠልም፣ የሆነ ቦታ ፈሷል፣ የፓኑ (ከታች ያለው የዘይት ሳህን) ጓርኒሲዮን፣ የጎማ አክስሎቹ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማተሚያ ጎማ)፣ ወደ ራዲያተር የሚሄዱት ቱቦዎች፣ እነዚህን ሳታዩ መጨመር ብቻ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ መያዝ ነው።

አሁን ዘንጉን ነጭ ጨርቅ ላይ ጥረጉት። ቀይ ወይ ሮዝ ሆኖ የሚያሳይ ከሆነ ጥሩ። ቡናማ ሆኖ ሽታው ያልተበላሸ ከሆነ አርጅቷል፣ ይቀየር። ጥቁር ሆኖ ያረረ ሽታ ካለው ፍሪሲዮን ተቃጥሏል፣ እዚህ ላይ ዘይት መቀየር ብቻውን ላያድነው ይችላል፣ ይሄን ቀድማችሁ እወቁት። ስትነኩት በጣታችሁ መሃል አሸዋ አሸዋ ካለ ደሞ ብረት ነው።

ወተት የገባበት ሮዝ ከመሰለ ግን መኪናውን እዛው አጥፉት። የካምቢዮው ዘይት ራዲያተሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ማቀዝቀዣ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ያቺ ስትበሳ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ፣ ውሃ ደሞ የፍሪሲዮኖቹን ሽፋን የያዘውን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል፣ እና "ቤት እስክደርስ" ብላችሁ የምትነዱት መንገድ ካምቢዮውን ሊጨርሰው ይችላል። አሮጌ ፎርራነር ላይ በጣም የሚታወቅ ነገር ነው። ኩላንት ገንዘብ ማባከን ነው ብለው ዝም ብለው የቧንቧ ውሃ የሚሞሉ ሰዎች ራዲያተራቸው ከውስጥ እየዛገ ወደዚህ ነው የሚሄዱት። መድሃኒቱ ራዲያተሩን መቀየር፣ የካምቢዮውን ዘይት ደጋግሞ ማፍሰስና መሙላት ነው፣ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ከ20 አመት በላይ የሆነ ራዲያተር ይዛችሁ ወደ ቆላው ወደ ባቲ እና ሚሌ የምትመላለሱ ከሆነ ለካምቢዮው ብቻ የሚሆን ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ፊት ማስገጠም በጣም ያዋጣል።

ኤቲኤፍ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ማለት ነው፣ ምን አይነት ለሚለው፣ "ኤቲኤፍ ሁሉ አንድ ነው" የሚል ሱቅ አትመኑ። ከ2001 እስከ 2005 ያለው ራቭፎር ታይፕ ቲ-4 ነው፣ የ90ዎቹ ፎርራነርና አሮጌ ግራንድ ቪታራ ዴክስሮን 3፣ የመጀመሪያው ቱሳን ኤስፒ-3። ደብሊው ኤስ የሚለው የቶዮታ ዘይት ለአዳዲሶቹ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ቲ-4 በሚል መኪና ላይ ቶዮታ ነው ብላችሁ አትቀላቅሉት። ብዙ ጊዜ ዘንጉ ላይ ራሱ ተፅፏል። የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የዲፈረንሻል ዘይት በጭራሽ።

ሲቀየር ደሞ የቱ ቦሎን እንደሚፈታ አጣሩ፣ ብዙ መኪኖች ላይ የሞተር ዘይት ማፍሰሻና የካምቢዮው ተቀራርበው ነው ያሉት፣ ችኩል ልጅ የካምቢዮውን አፍስሶ የሞተር ዘይት ሞተሩ ላይ ይደርብበታል፣ ሞተሩ ድርብ ዘይት ካምቢዮው ባዶ። የወጣው ቀይ ከሆነ የካምቢዮው ነው፣ በጣም ካረጀ ግን ሁለቱም ጥቁር ስለሚሆኑ በቀለም ብቻ አትተማመኑ። ለብ ብሎ ሳለ አፍስሱት፣ የወጣውን በሃይላንድ ፕላስቲክ እየለካችሁ ያንኑ ያህል አዲስ መልሱ፣ ከዛ አስነስታችሁ በዘንጉ አስተካክሉ። ራቭፎሩ ላይ በማፍሰሻው የሚወጣው 3 ተኩል ሊትር አካባቢ ነው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኮንቨርተሩና ቱቦው ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚ አንዴ ቀይረው "ያው ጥቁር ነው" ብለው ተስፋ የሚቆርጡ አሉ፣ ትንሽ ነድታችሁ ሁለተኛ ሶስተኛ መድገም ነው። ለዘመናት ያልተቀየረ ካምቢዮ ላይ በማሽን ግፊት የሚደረገውን ፍላሽ እኔ አልወደውም፣ የተጋገረውን ቆሻሻ ነቅሎ ጠባቧ የቫልቭ ቦዲ (ዘይቱን የሚያከፋፍለው ክፍል) መንገድ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፣ ቀስ በቀስ ማፍሰስና መሙላት ይሻላል።

ፓኑን ካወረዳችሁ ማግኔቶቹን እዩ። ጥቁር ግራጫ ጭቃ የመሰለ ስስ ነገር የተለመደ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ስንጥርጣሪ ወይ የብረት ቁራጭ ካለ ግን ካምቢዮው በእውነት ታሟል፣ እዛው ቆም ብላችሁ አስቡበት። ፊልትሮው የብረት ወንፊት የሆነባቸው ቶዮታዎች ላይ በቤንዚን ታጥቦ በአየር ተነፍቶ ይመለሳል፣ ክር በሚለቅ ጨርቅ እንዳይጠረግ። ሲሊኮን አብዝቶ መቀባት የሚወዱ መካኒኮች አሉ፣ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ወንፊቱን ይዘጋል፣ ጓርኒሲዮን ቢገባበት ይመረጣል። የፓኑ ቦሎኖች ትንንሽ ናቸው፣ 8 ኒውተን ሜትር ያህል ነው የሚጠብቁት፣ በረጅም ቁልፍ ሲወጥሩት ክሩ ይበላል።

ሽቦ፣ ኮድ፣ ኮምፒውተር

ከላቫጆ እንደወጣችሁ የጀመረ ችግር ከሆነ መልሱ ግማሹ ተገኝቷል፣ ሞተር በከፍተኛ ግፊት ውሃ ሲታጠብ ካምቢዮው ላይ ያሉት ሶኬቶችና የፒና ኤን ስዊች ውሃ ይጠጣሉ። ሶኬቶቹን ፈታችሁ በአየር ንፉ፣ አረንጓዴ ዝገት ካለ በኮንታክት ክሊነር አፅዱ። የባትሪውን ማሳ (ኔጌቲቭ) ሽቦ ወደ ሞተርና ካምቢዮ የሚሄድበት ጋ ፈታችሁ አፅድታችሁ እሰሩ፣ የላላ ማሳ ብዙ ጉድ ይሰራል።

ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሰሩት ሁሉ ኦቢዲ 2 (የኮድ ማንበቢያ) ሶኬት አላቸው፣ ከመሪው ስር፣ ስልክ ላይ በብሉቱዝ የምትሰራዋ ትንሿ ኢኤልኤም 327 ታነበዋለች። ፒ0750 እና ፒ0755 የማርሽ ሶሌኖይድ፣ ፒ0715 የመግቢያ ፍጥነት ሴንሰር፣ ፒ0500 የመኪና ፍጥነት ሴንሰር፣ ፒ0741 የኮንቨርተር ሎክ፣ ፒ0730 የታዘዘው ማርሽና የገባው አልገጠመም ማለት ነው። ፒ0700 ብቻዋን የካምቢዮው ኮምፒውተር ውስጥ ኮድ አለ ከማለት በቀር ምንም አትነግራችሁም። ከዛ በፊት የነበሩት ቶዮታዎች ላይ ደሞ ያለ ማሽን ይነበባል፣ ኮፈን ስር ያለችው የዲያግኖስቲክ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን በሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፍ ኦን ስታረጉ ኦዲ ኦፍ (ኦቨርድራይቭ ጠፍቷል) የምትለው መብራት እየቆጠረች ትበራለች፣ 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮች ናቸው፣ 62 እና 63 የማርሽ ሶሌኖይዶች፣ 64 የሎክ። የኦዲ ቁልፉ ኦን ላይ መሆን አለበት። እየነዳችሁ ያቺ መብራት በራሷ ብልጭ ብልጭ ማለት ከጀመረች ኮድ ተቀምጧል ማለት ነው፣ አምፑሉን ነቅለው የሚያስቀሩ አሉ፣ ተዉ።

ኮዱ ሶሌኖይድ ካለ ሶሌኖይድ ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱ ላይ በመልቲሜትር ለኩት። ቶዮታ ላይ ክፍት ዝግ የሚሉት ከ11 እስከ 15 ኦም ናቸው፣ ፕሬዠር የሚቆጣጠረው 5 ኦም ከምናምን። ልኩ ልክ ከሆነ ሽቦውን እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ተከተሉት። ቀዝቅዞ ልክ ሆኖ ሲሞቅ የሚጠፋም አለ፣ ስለዚ ሁለቴ ለኩ።

አሁን ራቭፎር ያላችሁ፣ በተለይ ከ2001 እስከ 2003 ያለውን፣ ይሄን በደንብ አንብቡ። እነዚህ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ይታመማል፣ ቦርዱ ላይ ያለው ብየዳ ይሰነጠቅና ለሶሌኖይዶቹ የተሳሳተ ትዕዛዝ ይሰጣል፣ ማርሽ ሲቀይር በሃይል ይመታል፣ በተለይ ሲሞቅ፣ ካንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ይዘገያል፣ ከነዚህ ኮዶች አንዱ ይመጣል። ነገሩ በጣም የታወቀ ስለሆነ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለነዚህ ሞዴሎች ዋስትናውን ወደ 10 አመት ወይም 150,000 ማይል አራዝሞ ነበር፣ ጊዜው ስላለፈ ለኛ ሳንቲም አይጠቅመንም፣ ግን "ካምቢዮ ነው" ከሚል ሰው ጋ ስትከራከሩ ይጠቅማችኋል። ክፉው ነገር እንደዛ እየመታ ብዙ ከተነዳ ካምቢዮውም እውነትም ይበላሻል፣ ከዛ ካምቢዮው ይቀየራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ያው ነው፣ አዲሱንም ይጨርሰዋል፣ ሰውየው ሁለት ካምቢዮ ገዝቶ "ይሄ መኪና እርግማን አለበት" ይላል። ኮምፒውተሩ ተሳፋሪው ፊት ካለችው መሳቢያ ጀርባ ነው፣ ቴሌቪዥንና ቦርድ በደንብ የሚሰራ ጥሩ ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ በአጉሊ መነፅር አይቶ ብየዳውን ሊያድሰው ይችላል፣ ወይ ያገለገለ ከተገዛ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ አይነት መሆን አለበት፣ ኢሞቢላይዘር (ያለ ራሱ ቁልፍ የማያስነሳ መቆለፊያ) ያለው ከሆነ ደሞ ቁልፉን ማላመድ ያስፈልጋል፣ ይሄን ሳትጠይቁ እንዳትገዙ።

ኬብሏ እና የስልክ ሰዓት

የ90ዎቹ ፎርራነርና ፕራዶ ላይ ከነዳጅ ፔዳሉ ጋ አብራ የምትሳብ ወደ ካምቢዮው የምትሄድ ኬብል አለች፣ ፕሬዠሩን የምትወስነው እሷ ናት። ከላላች ማርሽ በጊዜ ለስለስ ብሎ ይቀይርና ስሊፕ ያረጋል፣ ካምቢዮውን ቀስ ብላ የምታቃጥለው ይቺ ናት። ከጠበቀች ዘግይቶና እየመታ ይቀይራል። አንድ ሰው ነዳጁን እስከመጨረሻው ይርገጥ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ እናንተ ኬብሏ ላይ ያለችውን ትንሽ ማቆሚያ እዩ፣ ከላስቲኩ ጫፍ ያላት ርቀት ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር ነው መሆን ያለበት። ማስተካከያው ሁለት ዳዶ ነው። ማስታወሻ ይያዝ፣ ሞተር ወርዶ የተገጠመበት መኪና ላይ ይቺ ኬብል ብዙ ጊዜ እንደነገሩ ነው የምትታሰረው።

ማርሹ እጀታ ላይ ዲ እያለ ካምቢዮው ላይ በዲ እና በኤን መሃል የሚቆምም አለ፣ እጀታውን ከካምቢዮው ጋ የሚያገናኘው የማርሽ ዘንግ ፕላስቲክ ቡሽ አልቆ። ፒ ላይ አልነሳም ብሎ ኤን ላይ የሚነሳ፣ ወይ አር ስታስገቡ የኋላ መብራት የማይበራ ከሆነ የማርሽ ዘንጉን እና ስዊቹን አስተካክሉ፣ ኤን ላይ አድርጎ ምልክቶቹን ማጋጠም ነው።

እነዚህ ሁሉ ልክ ሆነው ካልተፈታ የስልካችሁን ስቶፕዋች አውጡ። ዘይቱ ሞቆ፣ ሜዳ ላይ፣ ፍሬን ረግጣችሁ፣ ከኤን ወደ ዲ አስገቡና ማርሹ ሲይዝ የምትሰማችሁ ትንሽ ምት እስክትመጣ ቁጠሩ። ቶዮታ የሚለው ከ1.2 ሰከንድ በታች ነው፣ ከኤን ወደ አር ደሞ ከ1.5 በታች። አንድ ደቂቃ እያሳረፋችሁ ሶስቴ ለክታችሁ መሃሉን ያዙ። ሁለቱም ከዘገዩ ፕሬዠሩ ባጠቃላይ ወርዷል፣ ወንፊት፣ ኬብል፣ ፖምፓ። ዲ ብቻ ከዘገየ የፊት ፍሪሲዮኑ ነው፣ አር ብቻ ከዘገየ የኋላ መሄጃው። ይሄን ቁጥር ይዞ የሄደ ሰው ጋራዥ ላይ በቀላሉ አይታለልም። ፍሬን ይዞ ነዳጅ እስከ መጨረሻው የመርገጡን ፈተና ግን ባታረጉት እመርጣለሁ፣ ከ5 ሰከንድ ካለፈ ራሱ ካምቢዮ ያቃጥላል፣ ደሴ ከፍታ ላይ ደሞ ሞተሩ ስለሚደክም ቁጥሩም አያስተማምንም።

እውነትም ሲሞት

ጥቁር ያረረ ዘይት፣ ፓኑ ላይ ስንጥርጣሪ፣ ሲሞቅ ወደ ኋላ አልሄድም ማለት፣ እነዚህ ከተደራረቡ ይውረድ። ኦቨርሆል የሚሰራ በደንብ የምታምኑት ሰው ካለ ፍሪሲዮኑንና ሲሉን ሙሉ ማስቀየር፣ ከሌለ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያገለገለ መፈለግ ነው። በሩ ጋ ወይ ኮፈን ስር ባለችው ብረት ላይ A/TM ከሚለው አጠገብ ያለውን ኮድ ፎቶ አንሱ፣ ባለ 2 ጎማ ጎታቹ ራቭፎር ለምሳሌ ዩ241ኢ ይላል፣ ባለ 4 ጎማ ጎታቹና ባለ 2ቱ ስለሚለያዩ "ይገባል ይገባል" የሚል ነጋዴ አትስሙ። ያገለገለውን ከመክፈላችሁ በፊት ውስጡ የቀረ ዘይት አሽትቱ። ስትገጥሙ የድሮው ካምቢዮ ቆሻሻ ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ ውስጥ ስላለ በደንብ ይታጠብ፣ አለበለዚያ አዲሱ ያንን ነው የሚጠጣው። ኮንቨርተሩ ደሞ እየተሽከረከረ ወደ ፖምፓው እስከ መጨረሻው መግባቱ ሳይረጋገጥ በቦሎን እየተሳበ ከተገጠመ ፖምፓው ገና ሳይነሳ ይሰበራል፣ መካኒኩ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋ ሲያስጠጋ በእጅ ብቻ ክፍተቱ መዘጋት አለበት፣ በቁልፍ እየጎተተ ከሆነ አስቁሙት።

እስከዛ ድረስ የታመመ ካምቢዮ ይዛችሁ ሀረጎ ላይ ካላችሁ፣ ስትወጡ ኦዲውን አጥፉ፣ ከሲኖትራክ ኋላ እየተከተላችሁ ከ3 ወደ 4 ከሚመላለስ 3 ላይ ይቆይ፣ ያ መመላለስ ነው የሚያሞቀው። ስትወርዱ 2 ላይ አርጉት። ነዳጅ ለመቆጠብ ኤን ላይ አርገው በፎሌ የሚለቁ አሉ፣ የሚተርፈው ነዳጅ እዚህ ግባ አይባልም፣ ፍሬኑ ግን ይግላል፣ ሞተርም አይይዝላችሁም። ከቆመባችሁ ደሞ ተገፍቶ አይነሳም፣ ኦቶማቲክ ነው። ባለ 4 ጎማ ጎታች ኦቶማቲክን ጎማው መሬት እየነካ በገመድ አታስጎትቱት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ፖምፓው ስለማይሰራ ዘይት አይዞርም፣ ሎቤድ ወይ አይሱዙ ላይ ጭናችሁ ነው ደሴ ወይ ኮምቦልቻ የሚገባው፣ ከመጫናችሁ በፊት ኤን ላይ፣ ከጫናችሁ በኋላ ፒ እና የእጅ ፍሬን፣ ጎማዎቹ ደሞ በገመድ ይታሰሩ።